ቅርጫ ለሥጋ ብቻ ለምን?

ሳንሱሲ ከአዲስ አበባ የምዕራብ በሮች አንዱ ነው። ከአስኮ ወደ ቡራዩ የሚወስደው የአምቦ መንገድ በዚያ ያልፋል። የሆለታ ድንች፣ የጊንጪ ጤፍ፣ የአምቦና የወለጋ እህል የተጫነበት መኪና በዚሁ መንገድ ወደ ከተማዋ ይገባል። ሳንሱሲ ላይ ግን አያራግፍም። አብዛኛው እህል መርካቶ እህል በረንዳ ይወርዳል፣ ከደላላ ወደ ጅምላ ነጋዴ፣ ከጅምላ ነጋዴ ወደ ቸርቻሪ ይሻገራል፤ ከዚያ በባለሱቁና በእህል ቤቱ በኩል ወደ መጣበት ይመለሳል። በኩንታል ደጁን አልፎ የሄደውን ጤፍ ነዋሪው ከቀናት በኋላ በኪሎ ይገዛዋል። በመሐል የተጨመረውን የማውረጃ፣ የመጫኛና የትርፍ ሒሳብ ሁሉ የሚከፍለው እሱ ነው።

የወር አስቤዛን ስለመቀነስ የሚሰጠው ምክር ግን ስለዚህ ጉዞ ብዙም አያነሳም። ሥጋውን ቀንሱ፣ ቅቤውን ተዉት፣ የሚገዛውን ጽፋችሁ ውጡ፣ ተርባችሁ ገበያ አትግቡ ይላል። ለሱፐርማርኬት ደንበኛ ጥሩ ምክር ነው። ሥጋን ለበዓል፣ ቅቤን ለአራስና ለእንግዳ ማድረግ ከጀመረ ለቆየ ቤተሰብ ግን ከማዕዱ ላይ የሚነሳ ነገር እምብዛም የለም። ለእንዲህ ያለው ቤት የሚቀረው በሚበላው ሳይሆን በሚገዛበት መንገድ ላይ መቆጠብ ነው። መንገዱንም ከሩቅ መፈለግ አያስፈልገውም፤ ሰፈሩ በየበዓሉ ሲሠራበት የኖረ ነው። በዓመት ሦስት አራት ጊዜ በሬ የሚገዛው ቅርጫ በየወሩ ጤፍ፣ ሽንኩርትና ዘይት የማይገዛበት በቂ ምክንያት የለም።

ሒሳቡ አስቸኳይ የሆነበትን ምክንያት ቁጥሮች ይናገራሉ። በግንቦት 2014 የአገሪቱ አጠቃላይ የዋጋ ግሽበት 37 በመቶ ደርሶ ነበር፤ የምግቡ ብቻ ከ40 በመቶ በላይ ነበር። በሰኔ 2017 አጠቃላዩ ወደ 14 በመቶ ገደማ ወርዷል። ይህ ቁጥር ሲነገር ብዙ የቤት እመቤቶች ግራ ይጋባሉ፤ ግሽበቱ ወረደ ሲባል ሱቅ ላይ የወረደ ዋጋ አላዩምና። የወረደው የዋጋው የመጨመር ፍጥነት ነው፤ ቀድሞ የተጨመረው ባለበት አለ። በመሐሉ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደርጎ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚመጣው ዘይት፣ ሩዝና ምስር የሚሸመተው በዚያው ዶላር ነው።

ደመወዙም ተነካክቷል። ከመስከረም 2018 ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር ከፍ ብሏል። ለግል ተቀጣሪው በሕግ የተወሰነ ዝቅተኛ ደመወዝ የለም። 6,000 ብር ደግሞ አንድ ኩንታል ነጭ ጤፍ አይገዛም።

ጀርመናዊው የስታቲስቲክስ ባለሙያ ኤርነስት ኤንግል በ1857 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የቤልጅየም ሠራተኞችን የቤት ወጪ መርምሮ አንድ ነገር አስተዋለ። ቤተሰቡ ድሃ በሆነ መጠን ከገቢው ለምግብ የሚያውለው ድርሻ ይበልጣል። ኢትዮጵያ ይህን በራሷ መለኪያ ታረጋግጣለች፤ የስታቲስቲክስ አገልግሎቱ የአገሪቱን ግሽበት ሲያሰላ ከጠቅላላው ከግማሽ በላይ ክብደት የሚሰጠው ለምግብና አልኮል ላልሆኑ መጠጦች ነው። ስለዚህ በአስቤዛ ላይ የሚገኝ ትንሽ ቅናሽ ለዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ ትልቅ ገንዘብ ነው። ኤንግል ያልመረመረው ግን አንድ ጉዳይ አለ፤ ድሃው ለዚያው ምግብ በኪሎ ሲሰላ ከሀብታሙ የበለጠ መክፈሉ ነው።

ጉሊት ላይ ይህ በግልጽ ይታያል። ለማስያ ያህል ሽንኩርት በኪሎ 60 ብር ነው እንበል። አራት ራስ የተደረደረበት መደብ ሦስት መቶ ግራም ቢመዝንና በ25 ብር ቢሸጥ ገዢዋ ሳታውቀው ኪሎውን በ83 ብር ገደማ ወሰደች ማለት ነው። በሳምንት ሁለት ኪሎ የሚፈጅ ቤት በወሩ መጨረሻ በሽንኩርት ብቻ ከ180 ብር በላይ ትርፍ ይከፍላል። በብርጭቆ የሚለካው ስኳር፣ በትንሽ ጠርሙስ የሚቀዳው ዘይት፣ በላስቲክ የሚጠቀለለው የአንድ ቀን በርበሬና ቡና ሁሉም ይኸው ሒሳብ አላቸው። ባለጉሊቷ አልበደለችም፤ እሷም በትንሹ ገዝታ በትንሹ የምትሸጥ፣ የፀሐዩንና የመበስበሱን ኪሳራ የምትሸከም ናት። ልዩነቱን የሚፈጥረው የመጠኑ ማነስ ነው።

ዱቤው ሌላ ክር ነው። ወር አጋማሽ ላይ እጅ ሲያጥር ባለሱቁ ደብተር ላይ ይጽፋል፤ ይህ ብዙ ቤት ከጭንቅ አውጥቷል። ነገር ግን በዱቤ የሚገዛ ሰው ዋጋ አይጠይቅም፣ ሌላ ሱቅ አይሞክርም፣ ሚዛኑን ትክ ብሎ አያይም። ወለዱ በደብተሩ ላይ ባይጻፍም በመምረጥ ነፃነቱ ላይ ይከፈላል።

አሁን ወደ ቅርጫው። በፋሲካ፣ በእንቁጣጣሽ፣ በመስቀል ወይም በገና ዋዜማ ጎረቤታሞች ገንዘብ ያዋጣሉ፤ ዓይን ያላቸው ሁለት ሦስት ሰዎች ሸጎሌ ወይም ሌላ የከብት ገበያ ወርደው በሬውን አይተው፣ ጀርባውን ዳብሰው፣ ተከራክረው ይገዛሉ። በሬው ታርዶ ሲበለት እያንዳንዱ መደብ ከሁሉም ብልት ይደርሰዋል፦ ከሽንጡ፣ ከዳቢቱ፣ ከጎድኑ፣ ከንብራዱ፣ ከሻኛው፣ ከጉበቱ፣ ከጨጓራው። ቆዳው ከተሸጠ ገንዘቡ ከወጪው ይቀነሳል ወይም ለአራጁ ይታሰባል። ሥጋ ቤቱ በአንድ ኪሎ ላይ የሚያስከፍለው የቤት ኪራይ፣ የሠራተኛ ደመወዝና ትርፍ እዚህ ውስጥ የለም።

የቅርጫ ብልሃት ግን በርካሽነቱ ብቻ አያበቃም። መደቡ ከተደለደለ በኋላ ዕጣ ይወጣል። እያንዳንዱ ሰው ቁልፍ፣ እንጨት ወይም ጠጠር ይሰጣል፤ የማን እንደሆነ የማያውቅ ሰው በየመደቡ ላይ ያስቀምጠዋል። ደላዳዩ የትኛው መደብ ለእሱ እንደሚደርሰው ስለማያውቅ አንዱን አሳብጦ ሌላውን አያከሳም። ኦዲተርና ማኅተም ሳይኖር እምነት የሚሠራበት እንዲህ ያለ ሥርዓት በየሰፈሩ ተቀምጧል፤ በዓሉ ሲያልፍ ግን ይበተናል፤ በማግሥቱ ሁሉም በየፊናው ሱቅ ሄዶ ሩብ ኪሎ ምስር ያስመዝናል።

ለዕለት አስቤዛ ሥርዓቱ ሲውል መጀመሪያ የሚመጣው ጤፍ ነው፤ ከሁሉ የሚመቸውም እሱ ነው። የጤፍ ፍሬ ደቃቅ ስለሆነ ነቀዝ እንደ በቆሎና ስንዴ አይደፍረውም። ደረቅ ቦታ ከተቀመጠ ዓመታት ይቆያል። ዱቄቱ ይህ ጸባይ የለውም፤ ስለዚህ አዋቂ ቤት እህሉን ይገዛና ወፍጮ ቤት የሚያስፈጨው ለሳምንት ለሁለት ሳምንት የሚሆነውን ነው። ከኅዳር ጀምሮ ታጭዶና ተወቅቶ በታኅሣሥና በጥር ገበያ ሲሞላ ዋጋው ይረጋጋል፤ ክረምት ሲገባና የገበሬው ጎተራ ሲሳሳ ይወጣል። መንግሥት በ1998 ዓ.ም. የጤፍ እህል ወደ ውጭ እንዳይላክ የከለከለው የከተማውን ዋጋ ለመጠበቅ ነበር። ክልከላው የወቅቱን መዋዠቅ አላስቀረም፤ በ2015 አጋማሽም በአዲስ አበባ እጥረት ተከስቶ ዋጋው በሳምንታት ውስጥ አሻቅቧል።

ሒሳቡ ይህን ይመስላል። አንድ ቤተሰብ በወር 40 ኪሎ ጤፍ ይፈጃል፣ በችርቻሮና በኩንታል ግዢ መካከልም የ15 ብር ልዩነት አለ ቢባል በወር 600፣ በዓመት 7,200 ብር ይተርፋል። ይህ ከዝቅተኛው የመንግሥት ሠራተኛ የአንድ ወር ደመወዝ ይበልጣል። እራት አልቀረም፣ የእንጀራው ብዛት አልተቀነሰም።

ቀላሉ ጅማሬ ዕቁብ እንኳ አይጠይቅም። አራት ቤቶች ደመወዝ በተቀበሉ ሰሞን አንድ ኩንታል አብረው ገዝተው ሃያ አምስት ሃያ አምስት ኪሎ ይካፈላሉ። እያንዳንዱ ለማንኛውም ሊያወጣው የነበረውን ገንዘብ ነው የሚያዋጣው፤ አስቀድሞ የሚጠራቀም ነገር የለም። ማከማቻም አያስፈልግም፤ በኪራይ አንድ ክፍል ውስጥ ለሚኖር ቤተሰብ ሃያ አምስት ኪሎ ከአልጋ ሥር ይገባል። ሁለተኛው ደረጃ ከበድ ይላል፦ ከክረምቱ ጀምሮ በትንሹ እየተዋጣ በጥር የሚገዛ የጤፍ ዕቁብ። ክረምት ላይ ጤፉ ራሱ ውድ ነው፣ ለትምህርት ቤትና ለእንቁጣጣሽም ገንዘብ ይፈለጋል፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ዓመት መዋጮ ለእያንዳንዱ ቤት ሩብ ኩንታል ብቻ ቢያስቀድምለት በቂ ነው። በዚያ የተረፈው የሚቀጥለውን ዓመት መዋጮ ያቀላል።

በጤፉ ዓይነትም መቆጠብ ይቻላል። ማኛ ከሠርገኛ በዋጋ ይበልጣል። የአንድ ሠፈር ሰው በሙሉ ማኛ መብላት ክብር ነው ብሎ ካላሰበ በቀር ሠርገኛ እንጀራ የሚያሳፍር ነገር የለውም። ከጤፉ ጋር ሩዝ ወይም ማሽላ መቀላቀልም ተለምዷል፤ በፎገራ ሜዳ የሚመረተው ሩዝ ብዙ የከተማ ሌማት ውስጥ ገብቷል። ሩዝ የበዛበት እንጀራ ግን በማግሥቱ ይደርቃል፤ ደርቆ የተጣለ እንጀራ ደግሞ ቁጠባውን ይዞት ይሄዳል። ድርቆሽ ማድረግና ፍርፍር መሥራት የቆየ መላ ነው።

መጋገሪያውም ከሒሳቡ ውስጥ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይወስዳል፤ ምጣዱ እስኪሰማ የሚፈጀው ኃይል ለአምስት እንጀራም ለሃያ አምስትም ያው ነው። የመብራት ታሪፉ በእርከን ስለሆነ ብዙ የተጠቀመ በከፍተኛው ዋጋ ይከፍላል። በሳምንት አንዴ በርከት አድርጎ መጋገር በየሁለት ቀኑ ጥቂት ጥቂት ከመጋገር ይሻላል።

ሽንኩርት የጤፍ ተቃራኒ ነው። አይከማችም። የመቂ፣ የባቱ፣ የአዋሽ ሸለቆና የሸዋ ሮቢት መስኖ የሚያመርተው ሽንኩርት በበጋ በገፍ ይመጣል፤ ክረምት ሲገባ ይሳሳል፣ በነሐሴና በመስከረም ይወደዳል። በ2016 መባቻ ኪሎው ከ100 ብር አልፎ እንደነበር ብዙዎች ያስታውሳሉ። እጥረት ሲበረታ ከሱዳን የሚገባውም ዋጋውን ለማርገብ ነው። ስለዚህ ሽንኩርትን ለወራት ለመግዛት ማሰብ ገንዘብን ማበስበስ ነው። የሚቻለው አንድ ጆንያ ለአራት ለአምስት ቤት ማካፈልና በሁለት ሳምንት ውስጥ መጨረስ ነው። በተወደደበት ሰሞን ደግሞ ወጡን በጥቂት ሽንኩርት መሥራት፣ ጎመኑንና ድንቹን ማብዛት ያዋጣል።

የአትክልት ገበያው ከሳንሱሲ እየራቀ ሄዷል። ፒያሳ የነበረው አትክልት ተራ በ2012 በኮሮና ምክንያት ወደ ጃንሜዳ ተዛወረ፣ በ2013 ደግሞ ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ ተተከለ። ይህ ከከተማዋ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ ነው፤ ሳንሱሲ ሰሜን ምዕራብ ናት። አንድ ሰው አምስት ኪሎ ሽንኩርት ሊገዛ ያን ያህል ቢጓዝ ታክሲው ያገኘውን ይበላበታል። አምስት ቤት በአንድ ሰው አንድ ጆንያ ቢያስመጣ ግን የትራንስፖርቱ ዋጋ ለአምስት ይካፈላል። በኮልፌ ቀራኒዮ የተሠራው የገበያ ማዕከልና በየሰፈሩ የሚዘረጋው የእሁድ ገበያ የተሻለ ቅርብ አማራጭ ሰጥተዋል። የእሁድ ገበያ ዋጋ ዝቅ የሚለው አምራቾችና ዩኒየኖች ያለ ደላላ ስለሚሸጡ ነው፤ ጠዋት ጥራቱ ይሻላል፣ ማምሻ ላይ ዋጋው ይቀንሳል። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ውሎ የሚመጣ፣ ወይም በፈረቃ የሚሠራ ሰው ግን አይደርስበትም። አሁንም ተወክሎ የሚገዛ ጎረቤት ያስፈልጋል።

ዘይት የዓለምን ነፋስ ይዞ የሚመጣ ዕቃ ነው። የኢትዮጵያ ድስት የፓልም ዘይት ለምዷል፣ ፓልሙ ደግሞ ከእስያ ይመጣል። በ2014 የዩክሬን ጦርነት የሱፍ ዘይቱን ሲያቋርጥና ኢንዶኔዥያ በዚያው ሚያዝያ ለሳምንታት የፓልም ዘይት ወደ ውጭ እንዳይወጣ ስትከለክል አምስት ሊትሩ ጀሪካን በአዲስ አበባ ሱቆች የሚደረስበት አልሆነም። በ2013 በቡሬ የተመረቀው የፊቤላ ፋብሪካን የመሰሉ ትልልቅ ፋብሪካዎች ቢኖሩም የጥሬ ዕቃው ጥያቄ አልተፈታም። አንድ ቤተሰብ ኢንዶኔዥያን ማዘዝ አይችልም፤ ሃያ ሊትሩን ጀሪካን ለአራት ቤት መካፈል ግን ይችላል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ይፈለጋል፦ ጀሪካኑ ታሽጎ ይገዛ፣ በሁሉም ፊት ይከፈት፣ በንጹሕ ዕቃ ይቀዳ። በጤፍ ውስጥ ጄሶ፣ በበርበሬ ውስጥ የሸክላ ዱቄት፣ በቅቤ ውስጥ ሌላ ቅባት ተቀላቅሎ መገኘቱ በተለያየ ጊዜ ተዘግቧል። ከገበያው እጅግ የወረደ ዋጋ ሲጠራ ሳይመረምሩ መግዛት ጤናን ያስከፍላል።

ለበርበሬና ለቅቤ የቀን መቁጠሪያው ራሱ አጋር ነው። የማረቆና የአላባ በርበሬ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ገበያ ይሞላል፤ ዛላውን ያኔ ገዝቶ ቀጥፎ አስፈጭቶ ማስቀመጥ የብዙ እናቶች ልማድ ነበር፣ ነውም። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ ቅቤና እንቁላል ፈላጊ በሚያጡበት በዚያ ወቅት ገዝቶ ያነጠረ ሰው የፋሲካ ዋዜማን ግርግር ከሩቅ ያያል። በግርግሩ ዋጋ የሚወስነው ሻጩ ነው። የሽሮ እህል ሲመረጥ ደግሞ ርካሽ ነው ተብሎ ጓያ እንዳይበዛበት መጠንቀቅ ግድ ነው፤ ጓያ በብዛትና ለረጅም ጊዜ ሲበላ እግር ያሽመደምዳል።

እንዲህ ያለው የጋራ ግዢ አዲስ ግኝት አይደለም። በእንግሊዝ ሮችዴል ከተማ በ1844 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሃያ ስምንት ሸማኔዎችና የእጅ ባለሙያዎች አንድ አንድ ፓውንድ አዋጥተው አነስተኛ ሱቅ ከፈቱ። የሸጡት ዱቄት፣ ቅቤ፣ ስኳር፣ የአጃ ዱቄትና ሻማ ነበር። ያልተበረዘ ዕቃ፣ ትክክለኛ ሚዛን፣ ያለ ዱቤ ሽያጭ ብለው ተነሡ፤ ትርፉንም እያንዳንዱ በገዛው ልክ መለሱለት። የዛሬው የዓለም የኅብረት ሥራ እንቅስቃሴ ራሱን ከዚያች ሱቅ ይቆጥራል።

አዲስ አበባም የራሷ ታሪክ አላት። በ1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ቀበሌዎችን ወለደ፣ ቀበሌዎቹም የኅብረት ሱቅ ከፈቱ። ስኳር፣ ሳሙናና ጤፍ በራሽን ካርድ ታደለ። በ2000 ዓ.ም. ገደማ የምግብ ዋጋ በዓለም ሲያሻቅብ መንግሥት ለከተማ ድሆች ስንዴ በቅናሽ ማከፋፈል ጀመረ። ዛሬ በየወረዳው ያሉት የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ይህን ውርስ ተሸክመዋል። ስኳርና ዘይት ሲመጣ ሰልፉ ይረዝማል፤ ሲጠፋ መደርደሪያው ባዶ ይሆናል።

ችግሩ ከዚህ ይጀምራል። ብዙ አባላት ማኅበሩን የሚያዩት የመንግሥት ማከፋፈያ መስኮት አድርገው ነው። ዕጣ የገዙ ባለቤቶች መሆናቸውን ይረሳሉ። ጠቅላላ ጉባኤ ሲጠራ አይመጡም፣ ኮሚቴው ምን ገዛ፣ በስንት ገዛ፣ ለማን ሸጠ ብለው አይጠይቁም። በቅርጫው የአንዲት ጉበት አደላደል የሚያከራክራቸው ሰዎች የሺዎችን ገንዘብ የሚያንቀሳቅስ ማኅበራቸውን ለማንም ይተዉታል። ማኅበሩ ሲደክም የሚጠቀመው ደላላው ነው።

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሱ ተቃውሞዎች ቀላል አይደሉም። የቀን ሠራተኛ ገቢው ዕለታዊ ነው፤ የሃያ አምስት ኪሎ ጤፍ ገንዘብ በአንድ ጊዜ በእጁ አይገባም። ለእሱ ቅርጫው ሳምንታዊ መሆን፣ አምስት ኪሎም መቀበል አለበት። ሁለተኛው የእምነት ጉዳይ ነው፤ ገንዘብ ሰብስቦ የጠፋ ሰው ታሪክ በየሰፈሩ አለ። ለዚህ ዕድሩ መልስ አለው፦ ሦስት ሰው በአንድነት ይፈርም፣ ደረሰኝ ይቅረብ፣ ገዢው በየወሩ ይቀያየር።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉም ይከብዳል። በቁጠባ ስም የሚመጣው ሥራ ሁሉ በሴቶች ትከሻ ላይ ይወድቃል። ጤፉን መንፋት፣ ማስፈጨት፣ በርበሬውን መቅጠፍ፣ ሊጡን ማቡካት፣ እሁድ ገበያ መውጣት። በወር 600 ብር የቆጠበ ቤት የአንዲት እናትን ሁለት ሙሉ ቀን ወስዶ ከሆነ ቁጠባው የቤቱ ሳይሆን የእሷ ዕዳ ነው። በቅርጫ በሬውን የሚመርጡት፣ የሚያርዱትና የሚደለድሉት በአብዛኛው ወንዶች ናቸው። ጤፉም ላይ ይውረዱ። ጆንያውን የሚሸከመው፣ ወፍጮ ቤት የሚሰለፈው፣ ሒሳቡን የሚጽፈው አባወራው ከሆነ ጉልበቱም እንደ ሥጋው ይካፈላል።

የከተማዋ አስተዳደር ድርሻም አለው። ቤተሰብን ከአስቤዛ ጭንቀት የሚያሳርፍ ሥራ መሥራት እንደሚችል በመንግሥት ትምህርት ቤቶች የተማሪዎች ምገባ አሳይቷል፤ ቁርስና ምሳ ትምህርት ቤት የሚበላ ልጅ ያለው ቤት የወር ወጪው ምን ያህል እንደቀለለ ያውቃል። አሁን የሚፈለገው ከዚያ ያነሰ ገንዘብ የሚጠይቅ ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ የዕቃውን ዋጋ በግልጽ እንዲለጥፍ ያስገድዳል፤ ይህ በኪሎ ዋጋ ተሰልቶ ቢለጠፍና በየገበያው የተመሰከረለት የማመሳከሪያ ሚዛን ቢቀመጥ ሸማቹ መደቡንና ኪሎውን ማነጻጸር ይችላል። የእሁድ ገበያው በሳምንት አንድ የሥራ ቀን አመሻሽ ላይ ቢደገም በፈረቃ የሚሠራው ይደርሳል። የወረዳው ሸማቾች ማኅበርም ለአራትና ለአምስት ቤት ቡድኖች በኩንታል የሚሸጥበት አሠራር ቢከፍት በግለሰብ ሰልፍ የሚባክነው ጊዜ ይቀንሳል።

የአምቦ መንገድ ለሳንሱሲ ሌላ ዕድል ይሰጣታል። የሆለታና የጊንጪ ገበሬዎች የኅብረት ሥራ ዩኒየኖች ምርታቸውን ይዘው የሚያልፉት በደጇ ነው። የሸማቾች ማኅበሩ ከእነሱ ጋር በጥር ወር ውል ቢያስር ጤፉ መርካቶ ደርሶ መመለስ አይኖርበትም። ቡራዩ በሸገር ከተማ፣ ሳንሱሲ በአዲስ አበባ ሥር መሆናቸው ውሉን በሁለት አስተዳደር መካከል ያደርገዋል፤ የኬላና የጭነት ፈቃድ ጉዳይ አስቀድሞ በሁለቱ የንግድ ቢሮዎች ስምምነት ካልተፈታ መኪናው መንገድ ላይ ይቆማል።

ለዚህ የሚመቸው ጊዜ መስከረም ካለፈ በኋላ ያሉት ሳምንታት ናቸው። አዝመራው ገና ማሳ ላይ ነው፣ ዋጋም አልተቆረጠም። ማኅበሩ በጥቅምት ጠቅላላ ጉባኤ ጠርቶ ስንት ቡድን፣ ስንት ኩንታል እንደሚፈልግ ቢመዘግብ፣ በኅዳር መዋጮ ቢጀምር፣ በታኅሣሥ ሦስት ሰው ልኮ ዋጋ ቢያስጠይቅ ጥር ላይ የሚገዛውን ያውቃል። ጉባኤውን የሚጠብቁበት ጊዜ የሌላቸው አራት ጎረቤታሞች ደግሞ በሚቀጥለው ደመወዝ ሰሞን አንድ ኩንታል አስመዝነው ዕጣ ማውጣት ይችላሉ።